አቀበቱን ማንም አልነገረውም

አጎቴ ከየትም ቦታ ሲወጣ ወንበሮቹን ዞሮ ሳያይ አይወጣም። ሠርግ ቤትም ቢሆን፣ ሐኪም ቤትም ቢሆን፣ ጎረቤት ሻይ ጠርቶትም ቢሆን፣ ሁላችን ተሰናብተን በር ላይ ቆመን እያለ እሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሄዳል። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያያል። ከዚያ «ሁሉም ወርዷል» ይልና ይወጣል። ከዚህ ልማዱ ጀርባ ምን አሳዛኝ ታሪክ አለ እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ተኝቶ የተረሳ ሕፃን ወይም እንዲህ ያለ ነገር እንዲኖርላቸው ይፈልጋሉ። ምንም ታሪክ የለውም። ሥራው ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሹፌር የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲደርስ ከመሪው ተነሥቶ እስከ ኋላው ወንበር ሄዶ ማየት አለበት ይላል ደንቡ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው እንደረሱት እርግጠኛ ነኝ። አጎቴ፣ ጋሼ የምለው፣ አልረሳውም።

በዚህ ደንብ ምክንያት ስንት ነገር አግኝቷል! ጃንጥላ፣ አንድ እግር ጫማ፣ ከነክዳኑ ድስት፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ። የጥርሱ ባለቤት በማግስቱ ንብረቱን ሊወስድ ሲመጣ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ነበርና ምስጋናውን ጋሼ ዛሬም ድረስ አልሰማውም።

እኔ በሐሜት እንጂ በምስጋና የምታወቅ ሰው አይደለሁም። ቤተሰቡ ሁሉ ምላሴን ይፈራል፣ ደግሞም ቢፈራ ደግ አደረገ። ጋሼን ግን ሳላደንቀው የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እሱና ሚስቱ፣ እትዬ የምላት። የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ፌርማታ» ይሉታል፣ ምክንያቱም ከሱቅ እስከ ቤቱ ለመምጣት ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ ዘንድ ይቆማል። ለዳቦ የላክነው ሰው ዳቦው ደርቆ ይደርሳል።

የሚነዳው መስመር ከገበያው ተነሥቶ ተራራው ሥር ያበቃል። ከተራራው በላይ ሐይቅ አለ። ጠዋት የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ ልጅም ሽማግሌም ይሄድበታል ይባላል። እሑድ እሑድ የጋሼ አውቶቡስ ቅርጫት በያዙ እናቶችና ኳስ ባቀፉ ልጆች ይሞላል። ሲመሽ እነዚያው ሰዎች ፊታቸው በፀሐይ ተለብልቦ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ ይሳፈራሉ። ከእሱ ወንበር ጀርባ ቆመው ያዩትን ሁሉ ያወሩለታል። ጋሼ ደግሞ የሰማውን አይጥልም። በሚቀጥለው እሑድ ለአዲሶቹ ተሳፋሪዎች ይነግራል፦ «ከእንጨቱ ድልድይ በኋላ ምንጭ አለ፤ ውኃ እዚያ ሙሉ እንጂ ከዚህ ተሸክማችሁ አትድከሙ። ከምንጩ ቀጥሎ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ለሚያጠቡ እናቶች ይመቻል። ሹራብ ያዙ፣ ውኃው ዳር ነፋስ አለ።» ሰውም እንዳለው ሆኖ ያገኘዋል። በዚህ የተነሣ መንገዱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ከተማው ሁሉ አመነ። እኛም አመንን።

እትዬ ግን ሐይቁን አይታው አታውቅም። የሕፃናት መዋያ ውስጥ ሞግዚት ነበረች፤ የእሷ ዕረፍት እሑድ፣ የእሱ ዕረፍት ማክሰኞ። ጎረቤቶቿ ስንት ጊዜ ለመኗት፣ እኅቶቿ ስንት ጊዜ ተቆጧት። «እኔ የማየው ከባለቤቴ ጋር ነው» ትልና ችክ ትላለች። እሱም «ጡረታ ስወጣ» ይላት ነበር።

ጡረታ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። ዕድሜ ልኩን በሰዓት ሲያሯሩጡት ኖረው ሰዓት! እትዬ ሳትናገር ወስዳ ዕቃ ቤት ሰቀለችው። ከዚያ ቀናት ሳምንታትን ወለዱ፣ ጋሼ ግን የሐይቁን ነገር አያነሳም። የቀኝ ጉልበቱ፣ ያ ሲረግጥበት የኖረው፣ ደረጃ ሲወጣ ያስነክሰው ጀምሯል። አንድ ቀን ወጥ ቤት ካሮት እየላጥን እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አዋየችኝ።

«ጉልበቱ እያደር እየከዳው ነው። የእኔም ወገብ እንደምታዪው ነው። ዘንድሮ ካልሄድን ተረት ሆኖ ይቀራል። ያንን ሐይቅ ከእሱ ጋር ሳላየው ብቀር እስከ ዕለተ ሞቴ ይቆጨኛል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

«ነገርኩት እኮ። ‹እናያለን› አለኝ። የእሱን ‹እናያለን› ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ስለዚህ ለልጁ ነገርኩት። የአጎቴ ልጅ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ትዕግሥት ብቻ አልፈጠረበትም። በዚያው ማታ ራት ላይ «አባዬ፣ እሑድ ሐይቁ ጋ ትመራናለህ፣ አለቀ» አለው። ጋሼ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። እትዬም አየችው። የልጅ ልጁ፣ ጩጬ የምንላት፣ ገና የወተት ጥርሷ ያልወለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ መዝለል ስትጀምር ጋሼ «እሺ» አለ። በግድ የወጣ እሺ ነበር፤ እኔ ግን ጉልበቱን አስቦ ነው ብዬ አለፍኩት።

እሑድ ጠዋት የራሱን መስመር ይዘን ሄድን። ጋሼ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠና መንገዱን ሙሉ በቀኝ እግሩ ወለሉን እየረገጠ ፍሬን ሲይዝ ዋለ። እትዬ ጉልበቱ ላይ እጇን ጣል አድርጋ «ተው እንጂ፣ አውቶቡሱ የሰው ነው» ትለዋለች። ለአንድ ኩርባ ተወና በሚቀጥለው ኩርባ ቀጠለ። ተራራው ሥር ስንደርስ ወረድን፤ እሱ ወደ ኋላው ወንበር ሄደ። ሲመለስ የሻይ ፔርሙዛችንን ይዟል። ረስቶት የወረደው የአጎቴ ልጅ አንገቱን ደፋ።

ወጣቱ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ዛሬም ሊወጡ ነው? አይሰለችዎትም?» አለው። ጋሼ አሳለና ቅርጫቱን አነሣ።

መንገዱ እንደተባለው ነው። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ከረጃጅም ዛፎች ሥር የሚጠማዘዝ። ጋሼ ከፊት ይሄዳል፤ ጥቂት ይሄድና ይቆማል፤ ስፖኪዮ እንደሚያይ ሰው አንገቱን በግራም በቀኝም አዙሮ ሁላችን መኖራችንን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ጩጬ ወዲያው ገባት። ሽንት ሲይዛት «ወራጅ አለ!» ትላለች፤ ጋሼም ቀጥ ይላል። ጠጠር ጫማዋ ሲገባ «ወራጅ አለ!»፣ ቢራቢሮ ስታይ «ወራጅ አለ!»። የአጎቴ ልጅ ጨጓራው ተላጠ።

«በዚህ አካሄድ ሐይቁ ይደርቅብናል» አለ።

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለች እናቱ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ጩጬ ቅርጫቱን አየች። ጠዋት እንቁላል ስንቀቅል አብራን ነበረች። «የእኛዎቹም?» አለች በጣም ተጨንቃ። «ተቀቅለው የለ እንዴ?»

የአጎቴ ልጅ ግን የእናቱን ምክር አልሰማም። አዲስ በገዛው ጫማ እየዘለለ ቀደመን፤ ብዙም ሳይርቅ የጫማው ክር ተፈትቶ ጠለፈውና አፈር ላይ ተዘረጋ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብዬ አለፍኩት። ማንሣቱን ለአባቱ ተውኩለት።

ድልድዩ ባለበት ድልድዩ አለ። ምንጩም አለ፤ ጠፍጣፋው ድንጋይም አለ፣ ላዩ ላይ አንዲት እናት ልጇን እያጠባች። ጋሼን ስታየው ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ የነገሩኝ ድንጋይ ይኸው!» አለችው። ጋሼ ድንጋዩን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገው፤ ለረጅም ጊዜ በስም ብቻ የሚያውቀውን ዘመድ እንደሚጨብጥ ሰው። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «አጎቴ ነው» ስል ነበር።

ዛፎቹ አለቁና ወደ ገላጣ ወጣን። ከፊታችን አንድ አቀበት ተገትሯል። ጠጠር የበዛበት፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጫፉ ሰማይ የነካ የሚመስል። ጋሼ ቆመ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ።

«ይሄ የለም» አለ።

«የቱ?» አለ ልጁ።

«ይሄ አቀበት። ከዛፎቹ ከተወጣ በኋላ ሐይቁ ነው። ይሄ የለም።»

«ተራራው ትናንት ማታ ነው እንዴ የበቀለው፣ አባዬ?»

 ጋሼ ከንፈሩን ነክሶ ወጣ፣ ትንሽ ወጣ፣ ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈ። ልጁ ደግፎ ወደ ታች መለሰውና ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ላብ ቸፈፍ ብሏል። እትዬ ውኃ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲያበቃ ጫማውን እያየ ተናገረ።

«አይቼው አላውቅም።»

የውኃውን ዕቃ ለእትዬ መለሰላት።

«ሐይቁን። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። አውቶቡስ ጥሎ እንዴት ይወጣል? የሚሰጡን ዕረፍት እኮ ሻይ እንኳ አያስጠጣም። የምናገረው ሁሉ ሰው የነገረኝን ነው። ሰው ሲጠይቀኝ አላየሁም ለማለት... መጀመሪያ ላይ ነበር ማለት። በኋላማ አፈርኩ።»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ታርፍ አልነበር?» አለ ልጁ፣ ያ ምላሱ እንደ እኔው ነው።

ጋሼ ቀና ብሎ አየው። «እናትህን ሥራ ቦታ ትቼ ብቻዬን?»

አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ ዘመን እሷ ያለ እሱ አላይም ብላ፣ እሱም ያለ እሷ አላይም ብሎ፣ እሱ ይህን ለማንም ሳይናገር! እትዬ ግን አልደነገጠችም። የውኃውን ክዳን እያጠበቀች «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እንዳላየኸው ነዋ። አይተኸው ብትሆን ኖሮ እኔን ሳትወስደኝ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?»

ጋሼ ሊስቅ ሞከረ፤ ግማሹ ሳቅ ሆነ። «ግን ይሄን አቀበት» አለ፣ «ያ ሁሉ ሰው፣ እንዴት አንዱ እንኳ አይነግረኝም?»

«የነገሩህ ሲመለሱ ነው» አለች። «ሲመለሱ ደግሞ ይሄ ቁልቁለት ነው፣ ሮጠው ነው የሚወርዱት። ሐይቁን አይቶ የመጣ ሰው አቀበቱን ምን ብሎ ያስታውስ?»

ጋሼ ጉልበቱን አሸና ወሰነ። «እናንተ ሂዱ። እኔ ታች መጠበቅ ለምጃለሁ። አንቺም ሂጂ፣» አላት ሚስቱን፣ «ከዚህ በላይ አትጠብቂኝ። ዓይንሽ እንኳ ይየው።»

እትዬ ትንሽ አየችው። ከዚያ ተነሣች። «ልጅ፣ አንተ ከአባትህ ጋር ቆይ» አለች፤ ጩጬን በአንድ እጇ፣ ቀሚሷን በሌላው ይዛ አቀበቱን ጀመረችው። እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ አጠገቡ ቁጭ ትላለች ብዬ። ተከተልኳት እንጂ በሆዴ ስንቱን ተናገርኳት! ያን ሁሉ ዘመን ከባለቤቴ ጋር ስትል ኖራ፣ ሰውየው ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲል ጥላው ትሂድ?

ደግሞ አወጣጧ ግራ የሚያጋባ ነው። ጥቂት ትወጣና ቆማ ወደ ታች ታያለች። አንድ ጠማማ ዛፍ ጋ ስንደርስ ግንዱን ይዛ ነቀነቀችው። ከዚያ በላይ ያለ ሰፊ ድንጋይ ላይ ጩጬን አስቀመጠቻትና «ይወዛወዛል?» ብላ ጠየቀቻት። ቀጥሎ ያለውን ድንጋይ ግን አልወደደችውም። «ይሄ አይሆንም፣ ፀሐይ ነው» ብላ አለፈችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወገቧን ይዛ፣ እያለከለከች፣ አንዴም አላማረረችም።

ጫፉ ጋ ስንቃረብ ነፋሱ ተቀየረ። የውኃ ሽታ መጣ፤ ከማዶ የልጆች ጩኸት ይሰማል። ጩጬ እጇን መንጭቃ ልትሮጥ ስትል እትዬ ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ዙሩ» አለች።

«ምን?» አልኩ።

«ጀርባችሁን ስጡት። ማንም እንዳያይ። የኋላው ወንበር ገና አልታየም፣ ታች የቀረ ሰው አለ።»

እኔ ቁጣዬን የት ላድርሰው?  «እትዬ፣ ታዲያ ለምን ወጣሽ?»

«ልነግረው ነዋ» አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «ያልተነገረውን መንገድ እንዴት ይሂድ? እሱ እኮ በተነገረው ነው ዕድሜውን ሙሉ የሄደው።»

ይህን ብላ፣ ያን ወገቧን ይዛ፣ ያን ሁሉ አቀበት ተመልሳ ወረደች።

እኔና ጩጬ ለሐይቁ ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን። አላፊ አግዳሚው ያየናል። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰውዬ መታገሥ አቅቶት «እኅቴ፣ ሐይቁ እኮ በዚያ በኩል ነው» አለኝ።

«እናውቃለን» አልኩት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«አያቴን» አለችው ጩጬ። «ሹፌር ነው።» ሰውየው ባርኔጣውን አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ።

ከታች ይታዩናል። እትዬ ከፊቱ ቆማ እጇን እያወናጨፈች ታስረዳዋለች፤ ወደ ዛፉ ትጠቁማለች፣ ወደ ሰፊው ድንጋይ ትጠቁማለች። ጋሼ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማታል። አውቶቡሱ ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ቆመው ሲያወሩለት የነበሩትን ሁሉ እንዲያ ነበር የሚሰማቸው። ከዚያ ተነሣ። ልጁ በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው።

«ቀጣዩ ፌርማታ ጠማማው ዛፍ!» ስትል ድምፅዋ እኛ ድረስ መጣ።

ዛፉ ጋ ደረሱ። ግንዱን ይዞ አረፈ። ጩጬ ከላይ ሆና «ወራጅ አለ?» ብላ ጮኸች።  ጋሼ እጁን ብቻ አነሣ።  ሰፊው ድንጋይ ላይ ደግሞ ብዙ ቆየ፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሲሰጠው አየሁ፣ አዝዬ ላውጣህ ማለቱ ነው። ጋሼ ጀርባውን በጥፊ መታው።

«የሚገፋ የተበላሸ ነው!» ሲል ሰማሁት። «እኔ አልተበላሸሁም። ራዲያተሬ ነው የፈላው፣ ቆም ብዬ ላብርደው!»

«ወራጅ አለ?» ጩጬ ደገመች፤ አሁን ቆማለች።

«የለም!» አለ ጋሼ ከታች። «ቀጥል!»

ወጣ። እያነከሰ፣ እያረፈ፣ እሷ እየነገረችው፣ ወጣ። እኔ ለቅሶ አልወድም፤ ንፍጤን ግን በጩጬ ሹራብ መጥረጌን ልጅቷ ለሁሉ አውርታለች።

አጠገባችን ሲደርስ ወደ ሐይቁ አልዞረም። መጀመሪያ ወደ መጣበት ዞሮ አቀበቱን እስከ ታች አየ።

«ሁሉም ወርዷል?» አለ።

«ሁሉም ወርዷል» አለችው እትዬ፤ ክንዱን ያዘች፣ አብረው ዞሩ።

ሐይቁ ረጅምና ጠባብ ነው። ውኃው አረንጓዴ፣ ማዶ ያለው ተራራ ተገልብጦ ውስጡ ተኝቷል። ዳርቻው ላይ ልጆች እግራቸውን ነክረው ይንጫጫሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙም አላየሁትም፣ የሁለቱን ፊት ሳይ ነበር። ጋሼ ዓይኑን ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ ቀስ ብሎ አመላለሰው። የተነገረውን ሁሉ አንድ በአንድ የሚፈልግ ይመስላል። በመጨረሻ ተነፈሰ።

«አልዋሹም» አለ።

ውኃው ዳር ወርደን እንቁላሉን ላጥን፣ ዳቦውን ቆረስን፣ ሻዩ ገና ትኩስ ነበር። ወደ ሐይቁ ለሚመጣ ሁሉ ጩጬ ታሪኩን ስታወራ ዋለች። ፀሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር የአጎቴ ልጅ ሰዓቱን አየና አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው አለ። ዕቃ ሸክፈን ተነሣን። ጋሼ እንደ ልማዱ የተቀመጥንባቸውን ድንጋዮች መዞር ጀመረ። የእንቁላል ቅርፊት ለቀመ፤ የጩጬን አንድ እግር ካልሲ አገኘ፤ የፔርሙዙን ክዳን አገኘ። ወደ መጨረሻው ድንጋይ ሲደርስ እትዬ እዚያ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራለች።

ጋሼ በላይዋ ቆመ። በሥራ ዘመኑ የኋላው ወንበር ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ መጨረሻው ነው፣ ይውረዱ።

«እኔ ወራጅ አይደለሁም» ብላ ቀደመችው እትዬ፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሣ።

ጋሼ ወደ እኛ አየ፣ ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ የሰበሰበውን ሁሉ መሬት አስቀመጠ። ተደግፎ ቁጭ አለና የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

«አባዬ!» አለ ልጁ። «አውቶቡሱ ይሄዳል እኮ!»

«ይሂድ» አለ ጋሼ። «ሌላ ይመጣል። እኔ ገና ተሳፋሪ አለኝ።»